አንድ ያላት እንቅልፍ የላት

አባቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ጀምረው በሦስት ዓመት 134 ገጽ አድርሰውት ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ስለነበሩ ጽሑፋቸው ሁሉ መንገድ ነው፤ የትኛው ወንዝ ድልድይ እንዳልነበረው፣ የትኛው ትምህርት ቤት ጣሪያው ሣር እንደነበር፣ ከደሴ የተነሳ የጭነት መኪና በስንት ቀን አዲስ አበባ ይገባ እንደነበር ይዘረዝራሉ። ባለፈው ዓመት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አደረጉና ሐኪማቸው ዓይናቸውን እንዲያሳርፉ ስላዘዙ ላፕቶፑን ዘግተው ተቀመጡ። በ47ኛው ቀን ሲከፍቱት 134 ገጽ የነበረው ፋይል አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ጠበቃቸው። መስመሩ «ህህህህህህህህህህ» ይላል።

ነገሩ ሲጣራ ጥፋተኛው የስድስት ዓመቱ ልጄ ሆኖ ተገኘ። አያቱ ቤት በዋለበት አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ አድርጎ (እንዴት እንዳደረገው ራሱም አያውቅም) አንድ ፊደል ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሊዘጋው ሲል ማሽኑ እንደ ደንቡ ጠየቀው። «ሴቭ ላድርግ ወይ አለኝ፤ እሺ አልኩት» አለ። ትልቅ ነገር ሲጠይቅህ እሺ በል ብለን ያሳደግነው እኛው ነን፤ ምን ይባላል?

የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ እኔ አየ። ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር በየወሩ የምጽፈው እኔ ነኝና። እውነቱን ለመናገር አልደነገጥኩም ነበር። የአባቴን ፎልደር ኢንተርኔት ላይ ካለ የፋይል ማስቀመጫ ጋር ያገናኘሁት እኔው ነኝ። «አይዞዎት አባባ፣ ሌላ ቅጂ አለ» ብዬ በኩራት ከፈትኩት። እዚያም «ህህህህህህህህህህ» ይላል። የቀድሞውን ቅጂ ፈለግሁ። አገልግሎቱ የተለወጠን ፋይል የቀድሞ መልክ የሚይዘው ለ30 ቀን ነው። እኛ የደረስነው በ47ኛው ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

የዳነው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ነው፤ ያዳነውም የእኔ ቴክኖሎጂ አይደለም። አባቴ ከሕክምናው በፊት ማንበብ ስለከበዳቸው የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሰፈር ውስጥ ካለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወስደው በትልልቅ ፊደል አሳትመው ነበር። ልጅቷ ፋይሉን ከማሽኗ አልሰረዘችውም። «የጋሼን ታሪክ እኔም እያነበብኩት ስለነበር ነው» አለችን ትንሽ አፍራ። 71 ገጽ። የቀረው 63 ገጽ ሄደ። አባቴ አልተቆጡም፤ ልጁንም እንዳንገሥጸው ከለከሉ። ከሳምንት በኋላ እንደገና መጻፍ ጀመሩ። «ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አይሆንም» አሉኝ። ልክ ናቸው። አዲሱ ያጠረ ነው፤ ሲጽፉት የደከማቸው ያስታውቃል።

የእኔ ስህተት ምን ላይ እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ቀን ወሰደብኝ። ብዙዎቻችን «ባክአፕ አለኝ» ስንል ያለን መስታወት ነው። ፎልደሩን ኢንተርኔት ላይ ካለው ማስቀመጫ ጋር ስናመሳስል፣ እዚህ ያለው ሁሉ እዚያም ይታያል። እዚህ ፊታችንን ጥላሸት ስንቀባ ግን መስታወቱም ጥላሸት ይሆናል። መስታወት ትናንት ምን እንደምንመስል አያስታውስም። ለዚያ የሚያስፈልገው የፎቶ አልበም ነው፤ የዘንድሮው ፎቶ ሲገባ የአምናው ከቦታው የማይነሳበት።

ማመሳሰል ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ቡና ቢደፋበት ያድናል። ከራሳችን ጣት ግን አያድንም፤ ቤት ውስጥ የሚደርሰው ጥፋት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የራሳችን ጣት ነው። ወደ ስልክ ፎቶዎች ስንመጣ ይኸው ወጥመድ ብዙ እናቶችን አስለቅሷል። ስልካቸው ሲሞላባቸው «ጎግል ፎቶስ ላይ አለ» ብለው እዚያው መተግበሪያ ውስጥ ፎቶውን ይሰርዛሉ። መተግበሪያው ግን ስልኩም ላይ፣ ኢንተርኔቱም ላይ ያለውን አንድ ላይ ያጠፋል። ከስልኩ ላይ ብቻ ለማንሳት ለብቻው የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ፤ ቦታ የሚያስለቅቀው። በስህተት የተሰረዘ ፎቶ ባክአፕ ተደርጎ ከነበረ ቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል። ጎግል ድራይቭ ላይ የተጣለ ፋይል ደግሞ 30 ቀን። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ነው።

በዚህ ነገር ትልልቆቹም ተጎድተዋል። ልጆቻችሁ «ቶይ ስቶሪ 2»ን አይተው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፊልሙ ገና በሥራ ላይ እያለ ፒክሳር ውስጥ አንድ ሰው ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝ የማይገባ ቦታ ላይ ሰጠ። ሠራተኞቹ ገጸ ባሕርያቱ ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ ሲጠፉ እያዩ ገመዱን ንቀሉት እያሉ ጮሁ። አብዛኛው ፊልም ጠፋ። ባክአፑ ሲከፈት ደግሞ በትክክል ሳይሠራ የቆየ ሆኖ ተገኘ። ያዳነቻቸው ጌሊን ሱስማን የምትባል የቴክኒክ ኃላፊ ናት። በቅርቡ ወልዳ ስለነበር ከቤቷ ሆና እንድትሠራ ፊልሙን ወደ ቤቷ ኮምፒውተር ትገለብጥ ነበር። ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና ወደ ስቱዲዮው ወሰዱት። (ነገሩ የሚያስቀው፣ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ታሪኩ አልጣመም ተብሎ ፊልሙ በአብዛኛው እንደገና ተሠራ።) የሰፈራችን ጸሐፊና የፒክሳሯ እናት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቅጂ ያስቀመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው። በአጋጣሚ መዳን ደስ ይላል፤ ግን በእሱ ላይ ቤት አይሠራም።

ፎቶግራፍ አንሺዎች ለዚህ አንድ ቀላል ደንብ አላቸው፤ ያስፋፋው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። የእኛ እናቶች «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚሉት ስለ ልጅ ነው፤ ስለ ፋይልም ይሠራል። ላፕቶፑና ፍላሹ አንድ ቦርሳ ውስጥ ካሉ ሁለት አይደሉም፤ ቦርሳው ሲነጠቅ አብረው ነው የሚሄዱት። ፍላሽን በተመለከተ ደግሞ ሆዴ አያምነውም። በየማተሚያ ቤቱ ሲሰካ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፤ ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው የደነገጠ ሰው ስንት አይቻለሁ። ፍላሽ መልእክተኛ እንጂ መጋዘን አይደለም።

እግረ መንገዴን ሌላ ነገር ላንሳ። አባቴ በሲዲ ያስቀመጧቸው የድሮ ደብዳቤዎችና የፈተና ጥያቄዎች አሉ። ሲዲው ደህና ነው፤ ፋይሉም ይከፈታል። የሚታየው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። የእኛ ፊደል ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አገር ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ ፎንቶች «ሀ»ን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። እንዲህ ያለ ሰነድ ቤታችሁ ካለ ፎንቱ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት። ሺህ ጊዜ የተገለበጠ ግን የማይነበብ ፋይል አይጠቅምም።

ወደ አልበሙ ልመለስ። የቀድሞ ቅጂን የማቆየት ልማድ አስቀድሞም አለን፤ የምናደርገው በእጃችን ነው። የልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበትን ፎልደር ክፈቱ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የእውነት ፋይናል»፣ «አማካሪው ያዩት ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲሱ»። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ሰው ይደክማል፣ ይረሳል፣ በመጨረሻም የትኛው ፋይናል የመጨረሻው እንደሆነ አያውቅም። ይህን ሥራ ለማሽን መስጠት ነው የሚሻለው፤ ማሽን አይሰለችም።

ለአብዛኛው ቤት የሚበቃው መሣሪያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተኝቶ አለ። ዊንዶውስ ላይ «ፋይል ሂስትሪ» ይባላል፤ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ነው የሚገኘው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ አንዴ ካበራችሁት ዶክመንት፣ ፎቶና ዴስክቶፕ ላይ የተለወጠውን በየሰዓቱ ይቀዳል፤ ካልነካካችሁት በቀር የድሮውን አይጥልም። የአፕል ኮምፒውተር ያላችሁ «ታይም ማሽን» አላችሁ። እሱ ያለፉትን 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲሞላ ከጥንቱ ይጀምርና ይቀንሳል። ባለፈው ዓመት ከእነዚህ አንዱ አባቴ ላፕቶፕ ላይ በርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ዲስኩ ካልተሰካ ግን ወደ ዲስኩ የሚሄድ ነገር የለም፤ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ዲስክ ባክአፕ አይሠራም።

እኛ ግን ለአባቴ ጽሑፍ ከዚህ አለፍ ብለን ሄድን። የእህቴ ልጅ ፕሮግራመር ነው። የአያቱን 63 ገጽ ሐዘን አይቶ «ለአባባ ጊት እተክላለሁ» አለ። ጊት እ.ኤ.አ. በ2005 ሊነስ ቶርቫልድስ የሠራው ነው፤ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት የፈጠረው ፊንላንዳዊ። እሱና በዓለም ዙሪያ ያሉ ባልደረቦቹ ኮዳቸውን ይጠብቁበት የነበረውን ፕሮግራም በነፃ የመጠቀም ዕድል ሲቋረጥባቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የራሱን ጻፈ። ዛሬ የዓለም ፕሮግራመሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በእሱ ነው። ነፃ ነው።

አሠራሩን ለአባቴ ሲያስረዳቸው የተጠቀመው የክፍል መዝገብ ምሳሌን ነው። መምህሩ በየቀኑ ስም ይጠራል፤ የዛሬው ዓምድ የትናንቱን አይሰርዝም። ጊትም «መዝግብ» በተባለ ቁጥር ፎልደሩ በዚያች ደቂቃ ምን ይመስል እንደነበር ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከአጭር ማስታወሻ ጋር ይይዛል። ያልተለወጠውን ፋይል ደግሞ አይገለብጥም፤ «እንደነበረ ነው» ብሎ ወደ ቀድሞው ይጠቁማል። ስለዚህ የዓመት ታሪክ ይዞ እንኳ ቦታ አይበላም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሲቀመጥ ሦስት ባይት ነው፤ የአባቴ 134 ገጽ ሙሉውን በስልክ ከተነሳ አንድ ፎቶ ያንሳል። የሰው ዕድሜ ከአንድ የሠርግ ፎቶ ያንሳል ስላቸው አልሳቁም።

አንድ ለውጥ ግን ጠየቃቸው። ምዕራፎቹ ከወርድ ወጥተው እያንዳንዳቸው ለየብቻ በኖትፓድ ይቀመጡ አለ። ጊት የወርድ ፋይልንም ይይዛል፤ ነገር ግን ውስጡን አንብቦ ምን እንደተለወጠ መስመር በመስመር ማሳየት አይችልም። ተራ ጽሑፍ ሲሆን ግን የተጨመረው በአረንጓዴ፣ የተሰረዘው በቀይ ይታያል። አባቴ ሳያንገራግሩ ተቀበሉት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጌጥ የሌለው ነጭ ገጽና ትልቅ ፊደል ተስማምቷቸው ነበር።

የቀረው «በራሱ» የሚሆንበት ነው፤ እኔ ደግሞ ወሳኙ ይህ ይመስለኛል። አባቴ ባክአፕ የሚባል ቃል ማስታወስ የለባቸውም። ዊንዶውስ ውስጥ «ታስክ ስኬጁለር» የሚባል የማንቂያ ደወል አለ። የእህቴ ልጅ ሦስት ትእዛዞች የያዘች ትንሽ ፋይል ጻፈ። የመጀመሪያዋ የተለወጠውን ትሰበስባለች፣ ሁለተኛዋ ትመዘግባለች፣ ሦስተኛዋ መዝገቡን ወደ ሌላ ቦታ ትልካለች። በየቀኑ ማታ 3 ሰዓት ላይ ትነሳለች። በዚያ ሰዓት ላፕቶፑ ከተዘጋ ወይም መብራት ከሌለ፣ ሲከፈት ያመለጠውን ሥራ ቶሎ እንዲሠራ የምታዝ ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷን ማብራት አይርሳችሁ። ኢንተርኔት ባይኖርም ችግር የለም፤ ምዝገባው እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይደረጋል፣ የሚላከው ብቻ መስመሩ እስኪመጣ ይጠብቃል። ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው።

የሚላከው ወደ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ነው። ሌላው ጊትሃብ ላይ ለሌላ ሰው የማይታይ የግል ማስቀመጫ ነው። ከዚያ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ እሱም ወደ ላፕቶፑ አወረደው። ሦስት ቅጂ ያልነው አራት ሆነ፤ አንዱ ውቅያኖስ ተሻግሮ። በነገራችን ላይ ፎቶና ቪዲዮ በዚህ መንገድ አይሄድም። ጊት ለጽሑፍ ነው፤ ጊትሃብም ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። የሠርጋችሁን ቪዲዮ ለፋይል ሂስትሪና ለሃርድ ዲስኩ ተዉት።

በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ደግሞ ፈተና አለ። ፈታኙ ያው ጥፋተኛው ልጄ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ከመዝገቡ አንድ ቀን ይመርጣል፣ እኔ የዚያን ቀን ጽሑፍ በሌላ ፎልደር አስወጥቼ እከፍታለሁ፣ አያቱ «አዎ፣ ይሄ የእኔ ነው» ይላሉ። ፒክሳሮች ያላደረጉት ይህን ነው።

እስከዚህ ድረስ ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። ከጥር ወር ወዲህ የሆነውን ግን ለመጻፍ ከአባቴ ጋር መነጋገር ነበረብኝ።

አንድ ማታ አባቴ ከወራት በፊት የለወጡትን የአንድ መንደር ስም ፈለጉ። «የድሮው ስም ይሻል ነበር፤ ምን ብዬው ነበር?» አሉኝ። መዝገቡን ከፍቼ ወደ ኋላ እያገላበጥኩ ሳለ አንድ ቀን ላይ ሙሉ ገጽ ቀይ ሆኖ መጣ። አጎቴ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም። አያቴ ደሴ የተዉት ቤት ነው። ሁለት መስመር ካነበብኩ በኋላ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሰኞ ተጽፎ ሐሙስ የተሰረዘ ነው። በቦታው አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ ነበረች፤ ስለዚያ ዘመን ማለፍን መርጠዋል።

ቀና ስል አባቴ የማየውን እያዩ ነበር።

«ይሄ አልጠፋም እንዴ?»

«ከጽሑፉ ጠፍቷል አባባ። ከመዝገቡ ነው ያልጠፋው።»

«እኔ አጥፍቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ፤ ግን አሠራሩ...»

«አጥፍቼዋለሁ አልኩሽ» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

ሦስተኛውን መስመር አላነበብኩም። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከ63ቱ ገጽ በኋላ ምንም ነገር እንዳይጠፋ አድርገን ሠርተናል፤ ሰው አስቦበት፣ ለሦስት ቀን ከራሱ ጋር ተሟግቶ የሚያጠፋው ነገር እንዳለ ግን አንዳችንም አላሰብንም። አባቴን «እንጠብቅልዎ?» ብለን ጠይቀናቸዋል። «የሰረዙትንም እንያዝ?» ብለን አልጠየቅናቸውም። ይህ ከስድስት ዓመት ልጅ ጣት የባሰ ስህተት ነው፤ የልጁ በአንድ ፋይል ቀረ፣ የእኛ በአራት ቦታ ተባዝቷል። ከአራቱ አንዱ ወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ ደግሞ ከአጎቴ ልጆች ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ይኖራል፣ በዓልም አብረው ያሳልፋሉ።

ጠዋት ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ይቻላል፣ ግን ቀላል አይደለም አለኝ። ጊት ውስጥ እያንዳንዱ ምዝገባ ከይዘቱና ከቀዳሚው ምዝገባ የተሰላ ረጅም መለያ ቁጥር አለው። መሐል ላይ አንዱን ገጽ ብትነቅል የእሱ ቁጥር ይለወጣል፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ደግሞ በእሱ ላይ የቆሙ ስለሆኑ ቁጥራቸው አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ታሪኩ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ የድሮው ቅጂ ያለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ አንድ በአንድ መጽዳት አለበት። ማሽኑ የተሠራው ማንም ታሪኩን በስውር እንዳይነካካ ነው። ለባንክ ወይም ለፍርድ ቤት ሰነድ ግሩም ነው። ለአንድ ሽማግሌ ማስታወሻ ግን ይጎረብጣል።

አባቴን ጠየቅኋቸው። «ይቅር» ይሉ ይሆን ብዬ ነበር። «ይውጣ» አሉ።

ቅዳሜ ዕለት የእህቴ ልጅ መጥቶ ሰዓታት ፈጀበት። ገጹን ከታሪኩ ነቀለ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ማስቀመጫ እንዳለ ሰርዞ አዲስ ከፈተ፣ ሃርድ ዲስኩንም አደሰ። ለወንድሜ ደውዬ የእሱን ቅጂ አጥፍቶ አዲሱን እንዲያወርድ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «አባባ ብለዋል» አልኩት። ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ እንደሚቻል እንኳ አያውቅም ነበር፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ አለማወቅ አስደስቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ለወጥነው። አሁን አባቴ ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ፎልደር አላቸው። አንዱ እንደ በፊቱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይመዘገባል፣ ይላካል። ሁለተኛው «ረቂቅ» ይባላል፤ ለማሽኑ እንዳያየው ተነግሮታል፣ ከኢንተርኔትም ከዲስክም ጋር አልተገናኘም። አዲስ ነገር የሚጽፉት መጀመሪያ እዚያ ነው። ይሁን ያሉትን ራሳቸው ወደ መጀመሪያው ያሻግሩታል፤ ያላሉት እዚያው ይቆያል ወይም ይጠፋል። የመዝገቡን የይለፍ ቃል እሳቸው ለወጡት። እኔ አላውቀውም። በወረቀት ጽፈው ፖስታ ውስጥ አሽገው ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጠውታል። በየወሩ ቅዳሜ ፈተናው አልቀረም፤ ቀኑን የሚመርጠው ልጁ ነው፣ የሚከፍቱት ግን አያቱ ናቸው።

ልማድ ሆኖብኝ አንድ ጊዜ ብቻ አሳሰብኳቸው። «አባባ፣ የረቂቁ ፎልደር ምንም ቅጂ የለውም። ላፕቶፑ ቢበላሽ አንድ ቃል አይተርፍም።»

«አይትረፋ» አሉኝና ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ።